ዓሣ የሚውጠው ወይስ ኮራል የሚለቅመው? ለኮራል ገንዳ ትልቅ ዓሣ ስትመርጡ

የባሕር ውኃ ገንዳ ያለው ሰው አንድ ቀን ዓይኑ ትልቅ ዓሣ ላይ ማረፉ አይቀርም። ኮራሉ አድጓል። ውኃው ተረጋግቷል። ትንንሾቹ ዓሦች ተላምደዋል። ልክ በዚህ ጊዜ አንበሳ ዓሣ ክንፉን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። ወይም ቢጫና ሰማያዊ መስመር የለበሰ ኢምፐረር ኤንጅል። ልብ ይሸፍታል። ወዲያው የምትጠይቁትም «ሪፍ ሴፍ ነው?»፣ ማለትም ለኮራል ገንዳ ይሆናል ወይ፣ ብላችሁ ነው።

እኔ ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው አሳስቷል ባይ ነኝ። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዟልና። አንደኛው፣ ዓሣው ኮራል ይነካል ወይ? ሁለተኛው፣ ዓሣው ሌሎቹን ዓሦችና ሽሪምፖች ይበላል ወይ? የሁለቱ መልስ አብሮ አይሄድም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። አፋቸው ሰፊ፣ መልካቸው አስፈሪ የሆኑት ኮራሉን ዞር ብለው አያዩትም። ኮራሉን ቀስ በቀስ የሚጨርሱት እነዚያ አፋቸው ትንሽ፣ ቀለማቸው የሚያፈዝዝ ዓሦች ናቸው።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ ምን ቢጠፋባችሁ ይቆጫችኋል? ትንንሾቹ ዓሦች ወይስ ኮራሉ? መልሱን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

መጀመሪያ አፉን እዩ

የዓሣ አፍ ምን እንደሚበላ ይናገራል። ሰፊና ወደ ላይ ያዘነበለ አፍ ካያችሁ፣ ምግቡን ሳያኝክ በአንዴ የሚውጥ አዳኝ ነው። ሾጠጥ ያለ አፍ፣ ጫፉ ላይ ብሩሽ የመሰለ ጥርስ ካያችሁ፣ እየለቀመ የሚበላ ነው። የቢራቢሮ ዓሦች ቤተሰብ ሳይንሳዊ ስም ኬቶዶንቲዴ ይባላል። ከግሪክ «ፀጉር» እና «ጥርስ» ከሚሉ ቃላት የመጣ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነው ጥርሳቸው ፖሊፕ፣ ማለትም ኮራሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን እንስሳት፣ ለመንቀስ የተሠራ ይመስላል። ጥርሱ ተጋጥሞ እንደ መንቆር የሆነ ዓሣ ደግሞ ሰባሪ ነው። ዛጎል ይሰብራል፣ ሲያሻው ኮራልም ይሰብራል።

ለሚውጡት አንድ ሕግ አለ። አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ምግብ ነው። አፉ ደግሞ ስታዩት ከሚመስላችሁ በላይ ይከፈታል። ፍሮግፊሽ የሚባለው፣ ድንጋይ መስሎ የሚቀመጠው ዓሣ፣ የራሱን ቁመት የሚያህል ዓሣ መዋጥ ይችላል። «ይኼኛው እኮ ትልቅ ነው፣ አይደፍረውም» ብላችሁ አትተማመኑ።

አንበሳ ዓሣ

ከትልልቅ አዳኞች ሁሉ ለኮራል ገንዳ እኔ የማደላው ለአንበሳ ዓሣ ነው። ኮራል አይነካም። ድንጋይ አይገለብጥም። ቀኑን ሙሉ ጥላ ስር ተንጠልጥሎ ይውላል። ፀባዩ የረጋ ነው፤ ያልዋጠውን ዓሣ አያሳድድም፣ ክንፉንም አይነክስም።

አደኑን ግን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፣ ምን እንደምትገዙ እንድታውቁ። ሁለቱን የጎን ክንፎቹን ይዘረጋና ትንሹን ዓሣ ወደ ጥግ ይገፋዋል። አይቸኩልም። አንዳንዴ ከአፉ የውኃ ግፊት ወደ ዓሣው ይለቃል። ዓሣው ግፊቱ ወደመጣበት ሲዞር ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። ከዚያ አፉ ተከፍቶ ይዘጋል። በቃ። ቅርፊት የለም፣ ሬሳ የለም። ትንሿ ክሮሚስ የነበረችበት ቦታ ውኃው እንኳ ብዙም አይነቃነቅም። አንበሳ ዓሣ ባለበት ገንዳ ዓሣ ከጎደለ ሬሳ ፍለጋ ድንጋይ አትገልብጡ። የቀሩትን ቁጠሩ።

ትልቁ ዝርያ፣ ቮሊታንስ፣ እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከ450 ሊትር በታች አላስቀምጠውም። ድዋርፍ የሚባሉት ትንንሾቹ አንበሳ ዓሦች ግን 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማሉ። 200 ሊትር ይበቃቸዋል። ቦታችሁ ጠባብ ከሆነ ምርጫው ይኼው ነው። ውበቱ ሳይጎድል ችግሩ ግማሽ ይሆናል። ጓደኛ አድርጋችሁ የምታስገቡት ዓሣ ግን በሁለቱም ዘንድ ወፍራምና ሰፊ ሰውነት ያለው መሆን አለበት። ጥሩ ያደገ ታንግ ይሆናል። ቀጭን ዓሣ ቢረዝምም ይዋጣል። ሽሪምፕንማ እርሱት።

መርዙን አትናቁ። ቮሊታንስ 18 መርዛም እሾሆች አሉት፤ 13 ጀርባው ላይ፣ 2 ሆዱ ስር፣ 3 ወደ ጅራቱ አካባቢ። ገንዳ ስታጸዱ ዓሣው የት እንዳለ ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። ከወጋችሁ የተወጋውን ቦታ የማያቃጥል ግን የምትችሉትን ያህል ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሩ፤ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ። መርዙ ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያፈርሰዋል። ከዚያም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መተንፈስ ካስቸገራችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ ግን ውኃ እያሞቃችሁ ጊዜ አታባክኑ፣ በቀጥታ ሂዱ።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር ልበል። ሲመጣ ሕያው ዓሣ ብቻ ሊለምድ ይችላል። ብዙ ሰው ጨው በሌለው ውኃ የሚኖረውን ወርቃማ ዓሣ ይሰጠዋል። ይህ ቀስ ብሎ ይገድለዋል። ወርቃማ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ታያሚኔዝ የሚባል ኤንዛይም አለው፤ ስቡም ለባሕር ዓሣ አይስማማም። በረዶ ሆኖ የተቀመጠ የባሕር ዓሣና ሽሪምፕ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ፊቱ አነቃንቁለት። ጥቂት ቀናት ሊያኮርፍ ይችላል። ታገሡት። ካደገ በኋላ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃዋል።

ሌላም ልመና አለኝ። ሰለቸን ብላችሁ ባሕር ውስጥ እንዳትለቁት። የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ዓሣ ሆኖ ሳለ በ1985 ፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ ዛሬ ካሪቢያንን አጥለቅልቆ የአካባቢውን ትንንሽ ዓሦች እየጨረሰ ነው። ገንዳ ያላቸው ሰዎች መልቀቃቸው በዋና ምክንያትነት ይጠቀሳል።

ግሩፐርና ሞሬይ

ግሩፐር ላይ ብዙ አልቆይም። ኮራል አይበላም፣ እውነት ነው። ግን ፓንተር ግሩፐር የሚባለው ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ቆንጆ ሕፃን 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሲገዛ አውራ ጣት ያህላል። አድጎ ሲዞር በጅራቱ ብቻ ኮራል ከቦታው ያነሳል። ቤት ውስጥ የሚያዝ ዓሣ ነው ብዬ አላምንም። ቀዩ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ያለው ሚኒያታ ግሩፐር ያንሳል፤ ቢሆንም 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። 1,000 ሊትር ከሌላችሁ እለፉት።

ሞሬይ፣ እንደ እባብ የረዘመው ዓሣ፣ ግን ሌላ ነው። ስኖውፍሌክ ሞሬይ ጥርሱ ደነዝ ነው። የተፈጠረው ሸርጣንና ሽሪምፕ ለመሰባበር እንጂ ዓሣ ለመቅደድ አይደለም። ስለዚህ ከዓሦች ጋር ባብዛኛው በሰላም ይኖራል፣ ኮራልም አይነካም። ዜብራ ሞሬይም እንዲሁ የሸርጣን ወዳጅ ነው፤ እስከ 1.5 ሜትር ማደጉ ነው ችግሩ። ስለታም ጥርስ ያላቸውን ዝርያዎች ግን ከዓሣ ጋር አታስቡ። ሞሬይ ሲበላ አፉ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ጉሮሮው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አለው፤ ወደ ፊት ተወርውሮ የተያዘውን ይጎትታል። ሳይንቲስቶች ይህን በ2007 ነው በግልጽ ያሳዩት።

ሞሬይ የሚያጠፋው ሲበላ ሳይሆን ሲሄድ ነው። ድንጋይ ስር ይሹለከለካል። በደንብ ያልተጣበቀ ኮራል ካለ ጠዋት አሸዋ ላይ ተደፍቶ ታገኙታላችሁ። ድንጋዩን ከአሸዋው በፊት ገንዳው ወለል ላይ አስቀምጡ፣ ኮራሉን አጣብቁ። ክዳኑ ቀዳዳ አይኑረው፤ የጣት ስፋት ያለው የገመድ መውጫ ይበቃዋል፣ ወጥቶ ወለል ላይ ደርቆ ይገኛል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው ተረት ደግሞ እዚህ ገንዳ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ሞሬይ ዓይኑ ደካማ ነው፤ በማሽተት ነው የሚመራው። ሽሪምፕ የነካ እጅ ለሱ ሽሪምፕ ነው።

ትሪገር፦ ስሙ አንድ፣ ፀባዩ ብዙ

ትሪገር ስሙን ያገኘው ከጀርባው እሾህ ነው። የመጀመሪያውን እሾህ ያቆምና ሁለተኛው ይቆልፈዋል፤ እንደ ጠመንጃ ቃታ ሁለተኛው ካልተነካ አይላቀቅም። በዚህ መንገድ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል።

እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። አንዱሌት ትሪገር ኮራልም፣ ቀንድ አውጣም፣ ዓሣም፣ ፓምፕም አይቀረውም። ክላውን ትሪገር በልጅነቱ ጨዋ ይመስላል፤ ዓመት ሁለት ዓመት አብሯቸው ከኖረ በኋላ አንድ ሌሊት ጓደኞቹን ይፈጃል። አመሉ ድንገት ነው የሚወጣው። ሁለቱንም ለኮራል ገንዳ አልመክርም።

ብሉጆውና ክሮስሃች ትሪገር ግን ውኃው መሐል እየዋኙ ፕላንክተን፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ የሚለቅሙ ናቸው። 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነው፣ ትልቅ ዓሣ የማየት ጉጉታችሁን ሞልተው፣ ኮራሉን ትተው ይኖራሉ። በሽሪምፕ ላይ ፍጹም መተማመን ባይቻልም፣ ሽሪምፑ ቀድሞ ከገባ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሐምራዊው ናይጀር ትሪገርም ፕላንክተን በሊ ነው፤ ሲያድግ ግን ድንጋይ ማንሳት ይወዳል። ከትሪገር አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ብሉጆው ነው።

ትልልቅ ኤንጅሎች፦ ልብ የሚሰብሩት

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ኢምፐረር ኤንጅል ሕፃን ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ቀለበቶች አሉት። ሲያድግ ቢጫ መስመር ይለብሳል፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ይወጣለታል። ልዩነቱ ከመብዛቱ የተነሳ ሳይንቲስቶች ድሮ ሕፃኑን የተለየ ዝርያ ነው ብለው ሌላ ስም ሰጥተውት ነበር። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ 700 ሊትር ይፈልጋል። በባሕር ውስጥ ዋና ምግቡ ስፖንጅና ከድንጋይ ላይ የሚለቀም ለስላሳ ፍጥረት ነው። ገንዳችን ውስጥ ለስላሳ ሆኖ የሚያገኘው ደግሞ ኮራሉን ነው።

በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። 12 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ኢምፐረር አስገባሁ። 7 ሳምንት ምንም አልነካም። «ዕድለኛ ነኝ» ብዬ ነበር። ከዚያ ቀዩ ትራኪፊሊያ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ትራስ ተነፍቶ የሚውለው ኮራል፣ መኮማተር ጀመረ። ጠርዙ ላይ ነጩ አጥንት ታየ። ውኃውን ለካሁ፤ ጨዋማነቱ ልክ ነው፣ ናይትሬቱ ልክ ነው። ገንዳው ፊት ቁጭ ብዬ ባይም ዓሣው ወደ መስታወቱ መጥቶ ምግብ ይለምነኛል እንጂ ኮራሉን አያየውም። በመጨረሻ ስልኬን መቅረጫ ላይ አድርጌ ከክፍሉ ወጣሁ።

ቪዲዮው ላይ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ይመጣል። ጎኑን ያዘነብላል። በአንድ ዓይኑ ኮራሉን ያያል። አንዴ ይነክሳል፤ በጣም ትንሽ ንክሻ፣ የሚቆረጥ ነገር እንኳ አይታይም። ኮራሉ ይሸሸጋል። ዓሣው ዞሮ ይሄዳል። ከ4 ደቂቃ በኋላ ኮራሉ ገና መነፋት ሲጀምር ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 14 ጊዜ ቆጠርኩ። ኮራሉን የጎዳው የንክሻው ትልቅነት አልነበረም። መከፈት መከልከሉ ነው። ካልተከፈተ ብርሃን አያገኝም፣ ምግብ አይዝም፤ ተኮማትሮ ይከሳል።

ዓሣው አልተራበም ነበር፤ በቀን 3 ጊዜ ይበላ ነበር። ስለዚህ «በደንብ ካበላችሁት አይነካም» የሚለውን ምክር በግማሽ ልብ ስሙት። ማብላት ንክሻውን ይቀንሳል፣ አመሉን ግን አያስጥልም።

ሪጋል ኤንጅል 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ጠንካራ አጥንት ካላቸው ቅርንጫፋም ኮራሎች ጋር ከኢምፐረር በተሻለ ይኖራል። ፈተናው ሌላ ነው፤ ምግብ ማስጀመር። ስትገዙት ዓይናችሁ እያየ ካልበላ አትውሰዱት።

ኤንጅል ካልሆነ ብላችሁ ኮራላችሁንም መሠዋት ካልፈለጋችሁ ግን ጄኒካንቱስ የሚባሉት አሉ። ጅራታቸው እንደ ወንጭፍ ሹካ የሆነ፣ ውኃው መሐል ፕላንክተን የሚበሉ ኤንጅሎች ናቸው። ወንዱና ሴቷ ቀለማቸው ይለያል፤ ጥንድ አድርጎ ማኖር ይቻላል። የኢምፐረርን ግርማ አይሰጧችሁም። ግን ለእኔ ጠዋት ተነፍቶ የቆየ ኮራል አጠገብ የሚዋኝ ጄኒካንቱስ ይበልጥብኛል።

ትንንሾቹ ኤንጅሎች፣ እንደ ፍሌምና ኮራል ቢዩቲ ያሉት፣ ግማሽ በግማሽ ናቸው። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሣር ብቻ ይግጣል፤ ወንድሙ ዞአንቲድ የሚባለውን ለስላሳ ኮራል አያስተርፍም። ዝርያውን ሳይሆን እያንዳንዱን ዓሣ ነው የምትመዝኑት።

ቢራቢሮ ዓሦች

ሦስት ጎራ አድርጋችሁ እዩአቸው። የመጀመሪያው ኮራል ብቻ የሚበላው ነው፤ ሼቭሮን፣ ኦርኔትና ሜየር የሚባሉት። እነዚህ ኮራል በሌለበት ገንዳም አይሆኑም፣ ባብዛኛው በረሃብ ይሞታሉ። ባሕር ውስጥ ይቅሩ፣ አትግዟቸው።

ሁለተኛው ጎራ ኮፐርባንድ ነው። ረጅም አፉን ስንጥቅ ውስጥ እያስገባ ትል ይለቅማል። አይፕቴዥያ የሚባለውን፣ እንደ አረም የሚዛመተውን የኮራል ዘመድ (አኔሞን) ይበላል፤ ብዙ ሰው የሚገዛውም ለዚህ ነው። ጠንካራ ኮራል ብዙም አይነካም፣ ላባ መሳይ ትሎችን ግን ይጨርሳል። ከባዱ በሕይወት ማቆየቱ ነው። በቀን ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግሞ መብላት ይፈልጋል።

ሦስተኛው ፕላንክተን በሊው ነው። ፒራሚድ ቢራቢሮና ስኩሊንግ ባነርፊሽ። ለኮራል ገንዳ ከቢራቢሮዎች ሁሉ የተሻሉት እነዚህ ናቸው፤ በቡድን ሲዋኙም ያምራሉ። ባነርፊሽ ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። ኮራል የሚለቅም መንታ መሳይ ዘመድ አለው። የአፉ ሾጣጣ ረዘም ያለው እሱ ነውና አጠር ያለ አፍ ያለውን ምረጡ።

ፓፈርና ፓሮትፊሽ ላይ አጭር ነኝ፤ ለኮራል ገንዳ አይሆኑም። የፓፈር ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፣ ዛጎል እየሰበረ ካልሞረደው አፉን ይዘጋበታል። ይህ ዓሣ ቀንድ አውጣችሁንም፣ የፓምፕ ገመዳችሁንም ይሞክራል።

ኮራሉንስ መለወጥ አይቻልም?

ይቻላል። ኢምፐረሩን መተው ካልቻላችሁ ገንዳውን ለሱ አዘጋጁት። እንደ ሳርኮፊተንና ሲኑላሪያ ያሉ ሌዘር ኮራሎች ሰውነታቸው ውስጥ ዓሣ የሚጠላው ኬሚካል አለ፤ ብዙ ለቃሚ ይተዋቸዋል። በጣም የሚፈተኑት ሥጋ የበዛባቸው ናቸው፤ ትራኪፊሊያ፣ ሎቦፊሊያ፣ አካን፣ ዞአንቲድ፣ ከነሱም ጋር ትሪዳክና የሚባለው ባለ ሁለት ዛጎል ፍጥረት። ኮራሉ ብዙና ትልቅ ሲሆን ንክሻው ይከፋፈላል። ስለዚህ ለቃሚውን የማስገባው ኮራሉ በደንብ ካደገ በኋላ ነው። አዲስ ትንሽ ቁራጭ ኮራል ኤንጅል ያለበት ገንዳ ውስጥ ስታስገቡ እንደ አዲስ ምግብ ነው የሚያየው።

ሌላው መንገድ ኮራሉን ትቶ ዓሣና ሕያው ድንጋይ ብቻ ማኖር ነው። ለክላውን ትሪገር፣ ለፓፈር፣ ለትልቅ ኤንጅል እውነተኛው ቤት ይኼ ነው። አዳኝ ሥጋ ይበላል፣ የበላውም ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል። ኮራል ያለው ሰው ናይትሬቱን ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ለማቆየት ይታገላል። ዓሣ ብቻ ባለበት 40 ቢደርስም ብዙ አያስጨንቅም። ሁለቱን ማቀላቀል ከፈለጋችሁ ስኪመሩን፣ ቆሻሻውን በአረፋ ከውኃው የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ከገንዳችሁ መጠን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ግዙ።

ሌላው ልዩነት በሽታ ሲመጣ ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን ጥገኛ ተባይ ለማከም መዳብ ይሠራል። መዳብ ደግሞ ኮራልን፣ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣን ይገድላል። ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ ማከም የለም ማለት ነው። 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ ለይቶ ማከሚያ ሁለተኛ ገንዳ ከሌላችሁ የምታደርጉት ነገር አይኖርም። ማንኛውንም አዲስ ዓሣ ቢያንስ 4 ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ያኔ ምግብም ታስለምዱታላችሁ፣ ፀባዩንም ታያላችሁ።

መውጫውን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ኮራል የሞላበት ገንዳ ውስጥ ዓሣ በመረብ መያዝ ዘበት ነው። ድንጋዩን ሁሉ ካላወጣችሁ አይሆንም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል። ግልጽ የፕላስቲክ ወጥመድ ሣጥን፣ መዝጊያው በክር የሚወርድ፣ ዓሣው በገባበት ሳምንት ገንዳው ውስጥ አስቀምጡ። መዝጊያውን ክፍት ተዉት። በሳምንት ሁለት ቀን ምግቡን ሣጥኑ ውስጥ ስጡት። ለሱ የምግብ ቦታ ይሆናል እንጂ ወጥመድ አይሆንም። ለማውጣት የወሰናችሁ ቀን ክሩን መልቀቅ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

እኔ ይህን አላደረግኩም ነበር። ሣጥኑን ያስገባሁት ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ነው። ኢምፐረሩ ለ9 ቀናት ሣጥኑን ዙሪያውን እየዞረ አየው እንጂ አልገባም። በ10ኛው ቀን ጠዋት ሳይመገብ ትቼው፣ አንድ ቁራጭ ሙሰል (የባሕር ዛጎል ሥጋ) ሣጥኑ ጥግ አሰርኩ። ገባ። አሁን ድንጋይና ዓሣ ብቻ ባለበት ገንዳ ውስጥ ነው፤ ቢጫው መስመር ሙሉ በሙሉ ወጥቶለታል። ትራኪፊሊያው እሱ በወጣ በ4ኛው ቀን ግማሹን ተነፋ። ነጩን ጠርዝ ሥጋው መልሶ እስኪሸፍነው ግን 5 ወር ፈጀ።